የሥርዓተ ፀሐይ ሥዕልና የኡም ጋርጉር ጥላ

የሥርዓተ ፀሐይን ሥዕል የማያውቅ መምህርም ሆነ ተማሪ አይገኝም። በግራ በኩል ግማሿ ብቻ የምትታይ ቢጫ ፀሐይ፣ ከእርሷ ወደ ቀኝ እንደ ሰልፈኛ ተራ በተራ የቆሙ ፕላኔቶች፣ ከሥር ደግሞ መሬት በአራት ቦታ ተሥላ ፀሐይን ስትዞርበት የሚያሳይ፣ እንደ እንቁላል የሞለለ መንገድ አለ። እኛም ተማሪዎች ሳለን ይህንኑ ሥዕል በደብተራችን ገልብጠናል፤ መምህራን ከሆንን በኋላም ተማሪዎቻችንን አስገልብጠናል። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህንን ሥዕልና ከእርሱ ጋር የሚሄደውን የማስተማር ልማድ ነው። ነቀፌታው ግን በቅድሚያ የሚያርፈው በራሳችን ላይ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት በሚገኘው በኡም ጋርጉር የስደተኞች ሠፈር ለጥቂት ሳምንታት ቆይተን ነበር። ሠፈሩ አርባ ዓመት ያህል ያስቆጠረ፣ በብዛት ከኤርትራ የተሰደዱ ሰዎች የሚኖሩበት ነው። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አድገው፣ እዚያው ልጅ የወለዱ አሉ። ልጆቹ ትግርኛውንም ዐረብኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀሉ ይናገራሉ። እኛም ከሰዓት በኋላ ለተሰበሰቡት ልጆች ይዘነው ከሄድነው መጽሐፍ የሳይንስ ትምህርት እንሰጥ ነበር። ስለ መሬትና ስለ ፀሐይ የሚናገረውን ክፍል እንደ ጨረስን አጭር ፈተና አወጣን። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ባለ አገር የተተከለ ዘንግ በቀትር ጊዜ ጥላውን ወደየት ይጥላል የሚል ነበር። መጽሐፉ «ወደ ሰሜን» ይላል። እኛም «ወደ ሰሜን» ብለን አስተምረናል።

አንዲት ተማሪ «አሁን ወደ ደቡብ፣ በጥር ወደ ሰሜን» ብላ ጻፈች። እኛም በቀይ እስክሪብቶ የስሕተት ምልክት አደረግንበት።

ወረቀቱን በመለስንላት ጊዜ አልተከራከረችንም። «መምህር፣ እኔ የጻፍኩት ያየሁትን ነው፤ ነገ በቀትር እናቴ ዘንድ ቢመጡ ያዩታል» አለች። እናቷ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በተዘረጋ አንድ የጭቃ ግድግዳ አጠገብ ሻይ ይሸጡ ነበር። በማግስቱ ሄድን። ሰማዩ በከፊል ደመና ነበረው፤ ፀሐይ ብቅ ባለች ጊዜ ግን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ጥላው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም፤ ያለው ግን ከግድግዳው በስተደቡብ ነው። የውሃው ጋን ተጠግቶ የተቀመጠውም በዚያው በኩል ነው። እናትየው እንደ ነገሩን ከሆነ ጋኑን ከሚያዝያ ማለቂያ ጀምሮ ወደ ደቡብ ያዞሩታል፤ ነሐሴ ሲጋመስ ወደ ሰሜን ይመልሱታል። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ ብንጠይቃቸው «ውሃው እንዲቀዘቅዝ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው፣ ልጄ» አሉን። ከትምህርት ሰጭዎቹ ይልቅ ሻይ ሻጯ የሰማዩን ሥርዓት በትክክል ያውቁ ኖሯል።

ምክንያቱን ለማስረዳት ብዙ አያስፈልግም። መሬት የምትሽከረከርበት ዘንግ 23.4 ዲግሪ ያህል ያጋደለ ስለ ሆነ፣ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናት ላይ የምትውልበት ቦታ በዓመት ውስጥ ከምድር ወገብ በስተሰሜን እስከ 23.4 ዲግሪ፣ በስተደቡብም እስከዚያው ድረስ ይመላለሳል። ከዚህ ክልል በስተሰሜን ላሉት አገሮች፣ ለምሳሌ ለእንግሊዝና ለጀርመን፣ የቀትር ፀሐይ ዘወትር በደቡብ ናት፤ ጥላቸውም ዘወትር ወደ ሰሜን ይወድቃል። መጽሐፉ የጻፈው የእነርሱን ሰማይ ነው። ገዳሪፍ ከተማ ግን በ14 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትወጣ ሚያዝያ 20 ቀን ገደማ በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ ስትመለስም ነሐሴ 9 ቀን ገደማ እንደገና ታልፋለች። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ሦስት ወራት ከመንፈቅ ውስጥ የቀትር ፀሐይ በሰሜን፣ ጥላ በደቡብ ነው።

በቁጥር ለማየት የሚፈልግ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ በለጥ ያለ መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ ይትከል። በ14 ዲግሪ ላይ ታኅሣሥ 12 ቀን የቀትሩ ጥላ ወደ ሰሜን 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። መጋቢት 12 ቀን 25 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሚያዝያ 20 ቀን ይጠፋል። ሰኔ 14 ቀን ደግሞ በሌላው ወገን ብቅ ብሎ ወደ ደቡብ 16 ወይም 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የልጅቷ መልስ በሙሉ በዚህ ውስጥ አለ።

ይህ የገዳሪፍ ብቻ ነገር እንዳይመስል። ኢትዮጵያ ከሞላ ጎደል ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ባለው ውስጥ ስለምትገኝ፣ ከሞያሌ እስከ ሁመራ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ባለ ሁለት ወገን ጥላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በአናት የምታልፈው በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ወር ማለቂያ ላይ ነው። ስንቶቻችን መምህራን ይህንን ለተማሪዎቻችን ነግረናል?

በጣም የሚያስገርመው የጥንት ሰዎች ነገሩን ማወቃቸው ነው። ኤራቶስቴንስ የመሬትን ዙሪያ የለካበት ታሪክ በየመጽሐፉ ይገኛል። በሴዬኔ፣ ማለት በዛሬዋ አስዋን፣ ፀሐይ በዓመቱ ረጅም ቀን ጥላ አልባ ስትሆን፣ በእስክንድርያ ግን ጥላው የክብን አንድ ሃምሳኛ ያህል ማዕዘን ሠራ። ከዚህም ተነሥቶ ዙሪያውን አሰላ። መጻሕፍቱ ታሪኩን አስዋን ላይ ያቆሙታል። ከአስዋን ወደ ደቡብ ቢቀጥሉ ኖሮ ሱዳን ውስጥ ሜሮዌን ያገኙ ነበር። ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ በአንደኛው መቶ ዓመት፣ ሜሮዌ ላይ ጥላ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚጠፋ ጽፏል። ግሪኮችም እንዲህ ባለው አገር የሚኖሩትን ሰዎች በሁለቱም ወገን ጥላ ያላቸው የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሯቸው ነበር። ሁለት ሺህ ዓመት ያህል አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ለሱዳንና ለኢትዮጵያ ተማሪ በሚሰጥ ትምህርት ውስጥ ቢጎድል ተጠያቂው ማን ነው?

አሁን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። በመጀመሪያ ያ እንቁላል የመሰለ መንገድ አለ። መሬት ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ አለመሆኑ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ መንገዱን በደብተር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አድርገን በትክክል ብንሥለው፣ ወርዱ ከርዝመቱ የሚያንሰው በሚሊ ሜትር ሦስት መቶኛ ያህል ብቻ ነው። ይህም ከእርሳስ መሥመር ውፍረት በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ማንም ዐይን ከክብ አይለየውም። ሠዓሊው ከጎን የታየ ለማስመሰል ብሎ አሞለለው። ተማሪው ግን መሬት በበጋ ወደ ፀሐይ ትጠጋለች፣ በብርድ ጊዜ ትርቃለች የሚለውን የተሳሳተ ሐሳብ ከዚያ ሥዕል ቀዳ። የእውነቱ ነገር መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ ማለቂያ ገደማ ሲሆን ርቀቱም 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጣም የምትርቀው በሰኔ ማለቂያ ሲሆን ያን ጊዜ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በታኅሣሥና በጥር ኡም ጋርጉር ሌሊቱን ብርድ ልብስ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። መቅረብና መሞቅ እንደማይገናኙ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሥዕሉ በአራት ቦታ ላይ የሚጽፋቸው የአራቱ ወቅቶች ስሞችም ቢሆኑ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። በገዳሪፍ ከሁሉ የሚከፋው ሙቀት በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ፀሐይ በአናት ላይ እያለፈች ዝናቡ ገና አልመጣምና። በሐምሌና በነሐሴም ፀሐይ ከአናት ብዙ አትርቅም፤ ዳሩ ግን ደመናውና ዝናቡ ምድሩን ያበርደዋል። በአውሮፓ ሐምሌ የበጋ እምብርት ነው፤ በእኛ ዘንድ ክረምት ነው። «ሰመር»ን በጋ፣ «ዊንተር»ን ክረምት ብለን ስንተረጉም የሚደርሰውን ትርምስ ያላየ መምህር የለም። እዚህ ላይ ቃል ለቃል ከመተርጐም አለመተርጐም ይሻላል።

ሁለተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የከፋው የመጠን ጉዳይ ነው። በሥዕሉ ላይ ከፀሐይ እስከ መሬት አንድ ጣት የማይሞላ ርቀት አለ። እውነቱን ለማሳየት ገዳሪፍ የሚታወቅበትን ሰሊጥ ተጠቀምን። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወርድ ያላት አንዲት የሰሊጥ ፍሬ መሬት ትሁን አልን። በዚህ መለኪያ ፀሐይ 22 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ የእግር ኳስ ታክላለች። የሰሊጧ ፍሬ ከኳሱ የምትቀመጠው 23 ሜትር ተኩል ርቃ ነው። ጨረቃ ከጤፍ ፍሬ ያነሰች ሆና ከሰሊጧ 6 ሳንቲ ሜትር ትርቃለች። ሰው በአካል ተጉዞ የደረሰበት ከሁሉ የራቀው ሰማያዊ አካል እርሷ ናትና፣ እስከ ዛሬ የሄድነው እነዚህን ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። ጁፒተር አንድ አነስተኛ ሎሚ ሲሆን 122 ሜትር ያህል ይርቃል። ኔፕቱን የሽምብራ ፍሬ ሆኖ 700 ሜትር አልፎ ይገኛል።

ልጆቹ ኳሱን ከትምህርት ቤቱ በር አስቀምጠው በእርምጃ ሲለኩ፣ ሽምብራውን የያዘው ልጅ ከሠፈሩ ዳር ደርሶ በእጁ ምልክት ሲሰጥ ለማየት በቅተናል። ከዚያ በኋላ አንዱ ልጅ ቀጣዩ ኮከብ የት ጋ እንደሚሆን ጠየቀ። ከፀሐይ ቀጥሎ የሚቀርበን ኮከብ የብርሃን የ4.2 ዓመት ጉዞ ያህል ስለሚርቅ፣ በዚያው መለኪያ 6,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከቆምንበት መሬት እስከ መሬት እምብርት ያለውን ጥልቀት ያህል ማለት ነው። ልጆቹ ዝም አሉ። እንዲህ ያለውን ዝምታ የግድግዳው ሥዕል አምጥቶልን አያውቅም።

የቀረውን ባጭሩ እንለፈው። ሥዕሉ ጨረቃን ከመሬት ጋር በአንድ ጠፍጣፋ ላይ ስለሚያኖራት ተማሪው የፀሐይ ግርዶሽ በየወሩ ለምን አይሆንም ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። የጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያጋደለ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ከፀሐይ በላይ ወይም በታች ታልፋለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰዎች የቀለበት ግርዶሽ ያዩት፣ ጨረቃ ልክ በመሥመሩ ላይ በደረሰችበት ቀን ነበር። ከዚህም ሌላ ሥዕሉ አዲስ ጨረቃን እንደ ማጭድ አቁሞ ያሳያል፤ በእኛ ሰማይ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጀልባ ተንጋላ ነው የምትታየው። የሰሜን ኮከብም በ14 ዲግሪ አገር ከአድማሱ 14 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በግንቦት ምሽት በደቡብ በኩል የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ኮከቦች ከእርሱ ጥቂት ከፍ ብለው ይወጣሉ። ለእነዚህ ኮከቦች በመጽሐፋችን ውስጥ አንድም መሥመር አላገኘንም። ዘጠነኛ ፕላኔት ተብሎ የተሣለው ፕሉቶ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ውሳኔ ከፕላኔቶች ተራ ወጥቶ ድንክ ፕላኔት ተብሏል። ሥዕሉ ግን በብዙ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ቀርቷል።

ስለ ስሞቹ ጥቂት እንበል። ሜርኩሪ፣ ቬኑስ፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን እያልን ስናስጠና የኡም ጋርጉር ልጆች ከዐረብኛው መጽሐፋቸው ዑጣሪድ፣ ዙህራ፣ መሪኅ፣ ሙሽተሪ፣ ዙሐል ይሉ ነበር። ዐጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ መሽተሪ፣ ዙሐል ተብለው በእኛም የድሮ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት እነዚሁ ናቸው፤ ከዐረብኛ የመጡ ናቸውና። በድንበሩ ወዲያና ወዲህ አንድ ስም ኖሮ ሳለ ሁለታችንም ረስተነዋል። እርግጥ ነው፣ በአብዛኛው የተጻፉት በኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ የሳይንስ መምህር ይሸሻቸዋል። ጥንቆላውን ትቶ ስሙን መውሰድ ግን ማንንም አይጎዳም።

በዚህ አንጻር አገር በቀል የሆነውን ሁሉ ትክክል ነው ወደ ማለት እንዳንሄድ ራሳችንን እንጠብቃለን። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ብርሃናት የሚናገር ሰፊ ክፍል አለው። ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በር እንደምትወጣ፣ በምዕራብም በስድስት በር እንደምትገባ ይገልጻል። ይህ መልካም የዐይን ምልከታ ነው። ማንኛውም ተማሪ ፀሐይ የምትወጣበትን ቦታ በየወሩ በዛፍ ወይም በቤት ጫፍ ቢያመለክት፣ በ14 ዲግሪ አገር በታኅሣሥ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን ስትሄድ ያያታል። ይኸው መጽሐፍ ግን በረጅሙ ቀን መዓልቱ የሌሊቱ እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። መዓልቱ 16 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀን በፓሪስ አካባቢ ይገኝ እንደሆነ እንጂ በእኛ ዘንድ የለም፤ የገዳሪፍ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት ያህል ነው። ይህ ስሌት ከሌላ አገር ሰማይ የመጣ መሆኑን እንረዳለን። በሌላ አገር ሰማይ መማር የጀመርነው ዛሬ አይደለም ለማለት ይቻላል።

ሱዳን ለሥነ ፈለክ ትምህርት ያበረከተችውንም ሳናነሣ አናልፍም። መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአሪዞና የሚሠሩ ተመልካቾች 4 ሜትር ያህል ስፋት ያላት አንዲት የጠፈር ዐለት ወደ መሬት ስትመጣ አገኙ። ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሰሜን ሱዳን በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳች። ከመውደቋ በፊት በጠፈር ታይታ የታወቀች የመጀመሪያዋ ዐለት እርሷ ናት። በኅዳር ወር የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሙዓውያ ሻዳድና ፒተር ዬኒስከንስ የተባለው የጠፈር ተመራማሪ፣ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎች በሰልፍ አሰማርተው በረሃውን በእግር አስፈተሹ፤ ስብርባሪዎቿንም አገኙ። የተሰበሰቡት ስብርባሪዎች ወደ 600 ያህል ናቸው። ዐለቷ በአካባቢው ባለው የባቡር ጣቢያ ስም አልማሐታ ሲታ፣ ማለትም ስድስተኛው ጣቢያ ተባለች። ይህ ለኡም ጋርጉር ልጆች አዲስ ወሬ ነበር። ተፈልጎ የተገኘው በቴሌስኮፕ ሳይሆን መሬት መሬቱን እያዩ በመሄድ መሆኑን ስንነግራቸው ፊታቸው በራ።

ዘንግ ተክሎ ለመለካት ለሚፈልግ መምህር አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቀትርን በሰዓት አትፈልጉት። ሱዳን ሰዓቷን በዚያው በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳ ነበርና፣ በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጋላባት የገባ ሰው በጥቂት እርምጃ አንድ ሰዓት ያተርፋል፤ ፀሐይ ግን ንቅንቅ አላለችም። በገዳሪፍ እውነተኛው ቀትር በሱዳን ሰዓት አቆጣጠር ከስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይውላል፤ በመተማ በኢትዮጵያ ሰዓት ከስድስት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ስለዚህ ጥላው ከሁሉ ያጠረበትን ጊዜ ጠብቁ፤ ቀትር ማለት እርሱ ነው።

የልጅቷን ወረቀት ተቀብለን ምልክቱን ሰረዝነው፤ ነጥቧንም ሞላንላት። ከዚያም እናቷ በልጅነታቸው መተማ እንደ ኖሩ ነግራን፣ በዚያስ ጥላው በየትኛው ቀን እንደሚዞር ጠየቀችን። መተማ ከገዳሪፍ አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ስለ ሆነች፣ ፀሐይ በአናቷ ላይ የምታልፈው በሚያዝያ ሦስት ቀን ያህል ቀድማ፣ በነሐሴ ደግሞ ሦስት ቀን ያህል ዘግይታ እንደሆነ አስልተን ነገርናት። ጥቂት አሰበችና፣

«እንግዲያስ የመተማ ሻይ ሻጮች ጋናቸውን ከእናቴ ቀድመው ያዞራሉ ማለት ነው» አለች።